የሙዚቃ ክፍልን ሥርዓት ማስያዝ፦ 55 ልጅ፣ 12 ክራር፣ 40 ደቂቃ

ከምሳ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ፔሬድ ነው እንበል። ክራሮቹን አድላችሁ ሳትጨርሱ ግማሹ ክፍል መምታት ጀምሯል። ከኋላ አንዱ ዴስኩን ከበሮ አድርጎታል። «ዝም በሉ!» ትላላችሁ። ማንም አልሰማም። ደግማችሁ ትጮኻላችሁ። በሩ ይንኳኳል፤ የጎረቤት ክፍል የሒሳብ መምህር ናቸው። «ምነው፣ እኛ እኮ ቴስት ላይ ነን» ይላሉ።

ሙዚቃ ያስተማረ ሰው ይህን ቀን ያውቀዋል። እኔም አሳልፌዋለሁ፤ ያውም ደጋግሜ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መፍትሔው ኮስተር ማለት ይመስለኝ ነበር። ኮስተር አልኩ። ልጆቹ ዝም አሉ፤ ግን መዝፈኑንም ተዉት። ነገሩን ከሥሩ ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው።

በሌላ ትምህርት ክፍሉ ጸጥ ካለ ሥራ እየተሠራ ነው ይባላል። እኛ ጋ ድምፁ ራሱ ትምህርቱ ነው። ክራር የያዘ ልጅ ክሩን ቢነካ አልባለገም፤ ክራር የሚሠራው ሊነካ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኛ ነው። ማዳመጥ በሚገባው ሰዓት ክራሩን እጁ ላይ ያስቀመጥንለት እኛ ነን። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ስለ አንድ ነገር ነው፦ የልጁ እጅ፣ ጆሮና አፍ በየደቂቃው ምን እንደሚሠሩ አስቀድሞ ማሰብ።

ይህን የምጽፈው ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለምታስተምሩ፣ በተለይ ልጅ በሚበዛበትና መሣሪያ በሚያንስበት ትምህርት ቤት ላላችሁ ነው። ትምህርቱ «የክወናና የእይታ ጥበባት» ተብሎ ከሥዕልና ከቲያትር ጋር ቢጠቃለልም፣ የሙዚቃው ምዕራፍ ሲደርስ ችግሩ ያው ነው።

1. ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት

የሥርዓቱ ግማሽ የሚሠራው ባዶ ክፍል ውስጥ ነው።

መጀመሪያ መሣሪያውን ቃኙ። 12 ክራር ልጆች ፊት መቃኘት ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይበላል። በዚያ ሩብ ሰዓት 55 ልጅ እጁን አጣጥፎ እንዲጠብቅ መፍረድ አይቻልም። ጠዋት ከሰልፍ በፊት ወይም በምሳ ሰዓት ጨርሱት። አዲስ የናይለን ክር ለጥቂት ቀን ቶሎ ቶሎ ይረግባል። ክር የምትቀይሩ ከሆነ ክፍለ ጊዜው ከመድረሱ ቀናት ቀደም ብላችሁ ቀይሩ።

ለጀማሪ ክፍል በትዝታ ሜጀር ቅኝት ቃኙ። ከዶ ከተነሳን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በነዚህ አምስት ድምፆች መካከል የግማሽ ድምፅ ርቀት፣ ማለትም በጣም የተጠጋጉ ሁለት ድምፆች፣ የለም። 12 ልጅ በአንድ ጊዜ ያገኘውን ክር ቢመታ እንኳ ጆሮ የሚወጋ ግጭት አይሰማም። አምባሰልና አንቺሆዬ ለኔ በተባሉት ቅኝቶች ላይ ግን ግማሽ ድምፆች አሉ። እጁ ገና ያልተገራ ክፍል ሲመታቸው ጫጫታው እጥፍ ይመስላል፤ እናንተም ቶሎ ትቆጣላችሁ። እነሱን ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አቆዩአቸው። የቅኝት ምርጫ ከሥነ ሥርዓት ጋር ይገናኛል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ቆይቼ ነው የገባኝ።

ዋሽንትም እንዲሁ ነው። ርዝመታቸው የተለያየ ዋሽንቶች አብረው ሲነፉ ቃናቸው አይገጥምም። ልጆቹ ደግሞ ያበላሹት እነሱ ይመስላቸዋል። ወይ ይሳሳቃሉ፣ ወይ ይተዉታል። የምትገዙ ከሆነ ከአንድ ሠሪ፣ በአንድ ልክ የተሠሩትን ግዙ።

ቀጥሎ ቁጥር ለጥፉ። በያንዳንዱ መሣሪያ ላይ በፕላስተር ይሁን። 3 ቁጥር ክራር ዓመቱን ሙሉ የአንድ ቡድን ነው። «ያኛው ይሻላል» የሚለው ሽሚያ በዚህ ይቀራል። ክር ሲበጠስም ማን ጋ እንደነበር ይታወቃል፤ አንዱ ሌላው ላይ አያሳብብም።

ስለ አቀማመጥ ብዙ አልልም። ወንበሩ የሚነሳ ከሆነ በሁለት ረድፍ ግማሽ ክብ አድርጉት። ዴስኩ የተያያዘ ከሆነ አትታገሉ፤ መሐሉ ላይ መተላለፊያ ክፈቱ። ዋናው ነገር የትኛውም ልጅ ጋ በጥቂት እርምጃ መድረስ መቻላችሁ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ድምፅ ሲበዛ ጆሮውን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ካያችሁ ከከበሮው አርቃችሁ አስቀምጡት። እንዲህ ያለው ልጅ ሲቁነጠነጥና ሲነሳ ሲቀመጥ ረባሽ ይባላል። ድምፁ እያመመው ሊሆን ይችላል።

ጎረቤቶቻችሁንም አትርሱ። በመንፈቁ መጀመሪያ አጠገባችሁ ያሉትን መምህራን አነጋግሩ። በየትኛው ቀንና ሰዓት ከበሮ እንዳለ ይወቁ፤ እናንተም የነሱን የቴስት ቀን እወቁ። ምክትል ርዕሰ መምህሩን የሕንፃውን የመጨረሻ ክፍል መጠየቅም አይከፋም። እኔ ሁለት ዓመት ጠይቄ በሦስተኛው ነው ያገኘሁት።

2. በሩ ላይ

ልጆቹ ሲመጡ በሩ ላይ ቁሙ። ሰላም በሏቸው። ከፊታቸው ማን ተጣልቶ፣ ማን አኩርፎ እንደመጣ ይታያል። ይህን ማወቅ በኋላ ብዙ ይረዳችኋል።

አንዱን ተማሪ ከበሮ ላይ አስቀምጡትና ቀስ ያለ፣ ያልተቋረጠ ምት ይምታ። የሚገቡት ልጆች በምቱ እየተራመዱ ይገባሉ። ሲቀመጡ ያንኑ ምት ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው ይቀጥላሉ። የመጨረሻው ልጅ ሲቀመጥ ክፍሉ አንድ ምት ላይ ነው። አንድም ቃል አልተነገረም፣ ትምህርቱ ግን ተጀምሯል።

አቴንዳንሱንም በዜማ ውሰዱ። ስሙን በሁለት ድምፅ ዘምራችሁ ትጠራላችሁ፤ ልጁ በነዚያው ሁለት ድምፆች «አቤት» ይላል። ለአንድ ስም ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ 55ቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ስም ሲጠራ ሌላው የሚያወራው ምንም የሚሰማ ነገር ስለሌለው ነው። ዜማ ሲሆን ማን ቃናውን እንደመታ ለመስማት ጆሮውን ያቆማል።

ተንጋግተው ከገቡ ሳትቆጡ መልሷቸው። «እንደገና እንግባ» ብቻ በቂ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ደቂቃ ታጣላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ታተርፋላችሁ።

3. የዝምታ ምልክት

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በድምፅ ላይ ድምፅ አትጨምሩ። ከበሮና ክራር እየተሰማ «ዝም በሉ» ብላችሁ ከጮኻችሁ፣ ልጆቹ የሚማሩት የጮኸ እንደሚያሸንፍ ነው። የእናንተም ጉሮሮ እስከ ሰኔ አይደርስም።

እኛ በዚህ በኩል የታደልን ነን። «አበባየሆሽ» ሲባል «ለምለም» ብሎ መቀበል የማያውቅ ልጅ ብዙ አይገኝም። በእንቁጣጣሽ ሰሞን በየሰፈሩ እየሰማው ነው ያደገው። አውራጅና ተቀባይ ያለው ዘፈን ሁሉ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ተቀባዩ አውራጁን ካልሰማ ሊቀበል አይችልም። እኔ ይህን ለዝምታ እጠቀምበታለሁ።

ክፍሉ በጫጫታ ላይ ሳለ ቆሜ በመካከለኛ ድምፅ «አበባየሆሽ» እላለሁ። ቅርቤ ያሉት «ለምለም» ይላሉ። ሁለተኛውን ዝቅ አድርጌ እላለሁ፤ ግማሹ ክፍል ይገባበታል። ሦስተኛው ሹክሹክታ ነው። አሁን ሁሉም በሹክሹክታ ይመልሳል፤ 55 ልጅ በአንድ ላይ «ለምለም» ሲል እንደ ነፋስ ይሰማል። ከዚያ በኋላ እጅ ጭን ላይ ነው፣ አፍም ዝም። እኔ ደግሞ ወዲያው አልናገርም። በልቤ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ። ያቺ ሦስት ሰከንድ ካልተጠበቀች ምልክቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዋጋ ያጣል።

የ8ኛ ክፍል ወንዶች ይህን እንደ ልጅነት ሊያዩት ይችላሉ። አትጫኗቸው። ለነሱ ጭብጨባ ይሻላል። በጭክጭካ ምት አንድ ዙር ታጨበጭባላችሁ፣ እነሱ ያንኑ ይመልሳሉ። ምቱን በየቀኑ ለውጡት። ካልተለወጠ እጃቸው እየመለሰ አፋቸው ማውራቱን ይቀጥላል። የእጅ ምልክትም ጨምሩ፦ የተከፈተ መዳፍ ሲጨበጥ ድምፅ ይቆማል። ኦርኬስትራ መሪም የሚያደርገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ልጆቹ ሥርዓት መያዝን ብቻ ሳይሆን መሪ ማየትንም አብረው ይለምዳሉ።

ምልክቱ በቃል ብቻ አይለመድም፤ ልምምድ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሆን ብላችሁ «አሁን እንደፈለጋችሁ ዴስክ ምቱ» በሏቸው። ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ምልክቱን ስጡና በሰዓት ያዙ። 20 ሰከንድ ከፈጀ ሰሌዳው ላይ 20 ብላችሁ ጻፉ። እንደገና ሞክሩ። ራሳቸው ናቸው ቁጥሩን ለማውረድ የሚጣደፉት። እኔ አምስት ሰከንድ ከደረሱ ይበቃኛል።

4. አራት ሕግ፣ ከዚያ በላይ የለም

እጅ የሚንቀሳቀሰው ምልክት ሲሰጥ ነው። ሌላው ሲጫወት እናዳምጣለን። በሰው ስህተት አይሳቅም። መሣሪያ እንደተረከብነው ይመለሳል።

ልጆቹ ራሳቸው በእጅ ጽሑፋቸው ጽፈው ይለጥፉት። ከአራቱ ሦስተኛውን አጥብቃችሁ ያዙ። የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም፤ ወይ ደግሞ ቀድሞ ሌሎችን በማሳቅ ራሱን ይከላከላል። ብዙ «ቀልደኛ» ተማሪ የተፈጠረው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያውን ወር እንዲህ አድርጉት። በመጀመሪያው ሳምንት ከመግቢያው ከበሮ በቀር መሣሪያ ከቁም ሳጥን አይወጣም፤ መግባት፣ ምልክትና ጭብጨባ ብቻ ነው። በሁለተኛው ዘፈንና የሰውነት ምት፤ ጭን፣ መዳፍ፣ ጣት ማጮህ። በሦስተኛው ከበሮና እንደ ከበሮ የሚመታ ጀሪካን ለልጆቹ ይወጣል። ክራሩ በአራተኛው ነው። ልጆቹ ይነዘንዟችኋል። «ቲቸር ክራሩስ?» የማይል የለም። ጉጉታቸው ይቆያል፣ አይጠፋም፤ አትቸኩሉ።

5. መሣሪያ ማደል

ክፍል የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ከማደላችሁ በፊት የሚገለጸውን ሁሉ ገልጻችሁ ጨርሱ። መሣሪያ እጃቸው ከገባ በኋላ አዲስ ነገር አታብራሩ። አይሰሙም፤ ሊሰሙም አይችሉም። የጣቱን አካሄድ መጀመሪያ በወረቀት አስለምዷቸው። ደብተሩ ላይ በማስመሪያ ስድስት መስመር ይሠመራል፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ክር ነው። ልጁ የትኛው ጣት የትኛውን መስመር እንደሚነካ በዝምታ ይሠራዋል። ክራሩን ሲያገኝ እጁ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ዝም ብሎ አይገርፈውም።

ሦስት ቃል ብቻ አስለምዱ። «ማረፊያ» ሲባል ክራሩ ጭን ላይ ተጋድሞ ሁለት እጅ ቀንበሩ (ክሮቹ የሚታሰሩበት የላይኛው እንጨት) ላይ ነው። ዋሽንት ጭን ላይ ይተኛል። ከበሮ መቺ እጁን ብብቱ ሥር ያደርጋል። «ዝግጁ» ሲባል ሁሉም ይይዛል፣ ማንም አይነካም። ከዚያ «ምቱ» ነው። ከ«ዝግጁ» ቀጥታ ወደ «ማረፊያ» እየመለሳችሁ ተጫወቱባቸው። የሚሳሳቱት ይስቃሉ፤ የተሳሳተ ሁሉ አብሮ ስለሚስቅ ይህኛው ሳቅ አይጎዳም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። 12 ክራር ለ55 ልጅ ማለት 12 ቡድን ነው፤ ሰባቱ አምስት አምስት፣ አምስቱ አራት አራት ልጅ ይይዛሉ። ከቡድኑ አንዱ መቺ ነው። ሁለተኛው ደብተሩ ላይ በሠመረው መስመር ከመቺው ጋር እኩል ጣቱን ያንቀሳቅሳል። ሦስተኛው ጉልበቱን እየነካ ምት ይጠብቃል። አራተኛው ዜማውን በለሆሳስ ይዘፍናል። አምስተኛው ሰሚ ነው፤ ዙሩ ሲያልቅ አንድ ጥሩ የሰማውንና አንድ መስተካከል ያለበትን ይናገራል። አራት ብቻ በሆኑበት ቡድን ዘፋኙ ምትም ይጠብቃል።

በየሦስት ደቂቃው ምልክት ሰጥታችሁ አዟዙሩ። አምስት ዙር 15 ደቂቃ ነው። ሁሉም ልጅ ክራር ነክቶ ይወጣል፤ ሥራ የሌለውም አንድም የለም። መጀመሪያ ላይ እኔ ሰሚ የሚባለውን አላስገባሁም ነበር። አምስተኛው ልጅ የመቺውን ክንድ ሲገፋ ነበር የሚውለው። ሰሚ ካደረግኩት ወዲህ በጣም የሚጠነቀቀው እሱ ሆነ፤ ሁሉም ምን እንደሚል ይጠብቀዋላ።

ሲታደል የሚነሳው የቡድን መሪው ብቻ ነው፤ የሚጠራውም በቁጥር። መጀመሪያ የሚጠራው ማረፊያ ላይ በጸጥታ የተቀመጠው ቡድን ነው። ስለዚህ ነገር ማብራሪያ አትስጡ፤ በሁለተኛው ሳምንት ራሳቸው ያውቁታል።

መሣሪያ ጭራሽ ከሌላችሁ ጀሪካን ይበቃል። የ20 ሊትሩ ወፍራሙን፣ የ5 ሊትሩ ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል። በዱላ ሳይሆን በመዳፍ ይመታ። ድምፁ ይለዝባል፤ ዱላ በክፍል ውስጥ ሌላም ጣጣ ያመጣል።

6. ተራ መጠበቅን ጨዋታ ማድረግ

እምቢልታ አንድ ነፊ ብቻውን ዜማ የሚያወጣበት መሣሪያ አይደለም። እያንዳንዱ ነፊ ያለው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው። ሦስት ነፊዎች ተራቸውን ጠብቀው ሲሰካኩ ነው ዜማው የሚወጣው። በደቡብ ደራሼዎች የሚነፉት ፊላም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፤ ብዙ ሰው እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይዞ ይገባል። አንዱ ቀድሞ ቢገባ ዜማው ይሰበራል።

ይህን ወደ ክፍል አምጡት። ክፍሉን በአምስት ከፍላችሁ ለያንዳንዱ ወገን ከትዝታ አንድ ድምፅ ስጡ። መጀመሪያ በጣት እየጠቆማችሁ አስዘምሩ። የተጠቆመ ብቻ ነው ድምፅ የሚያወጣው። ከዚያ የሚያውቁትን አጭር ዜማ ሰሌዳው ላይ በዶ ሬ ሚ ጻፉና ጣታችሁን አንሱ። አሁን የሚጠቁም የለም። እያንዳንዱ ወገን መቼ እንደሚገባ ራሱ መከታተል አለበት።

በዚያች ሰዓት ክፍሉን ተመልከቱት። ልጆቹ ወደፊት ያዘነብላሉ። አፋቸው ለድምፁ ተከፍቶ ይጠብቃል፤ አንዳንዱ የሌላውን ወገን ድምፅ በከንፈሩ ያጅባል። በተለይ «ላ» የደረሰው ወገን በጣም ይጨነቃል፤ በዜማው ውስጥ አንዴ ብቻ ከመጣች እሷን ማሳለፍ አይፈልግም። ከአሥር ደቂቃ በፊት መቀመጥ ያቃተው ልጅ አሁን ለአንዲት ድምፅ ሲል ትንፋሹን ይዟል።

ከዚህ ጋር ዝምታን መቁጠር አስተምሩ። ሰሌዳው ላይ ከአራት ምት አንዱን በሰረዝ ተኩትና እዚያ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ከፍተው ያሳዩ። «ሰረዟም የዘፈኑ አካል ናት፤ የሞላባት አበላሸ» በሏቸው። ከዚያ በኋላ ዝም በሉ ስትሉ ቁጣ መሆኑ ይቀራል፤ የሙዚቃ ቃል ይሆናል።

7. መዝፈን የማይፈልጉት

7ኛና 8ኛ ክፍል ያሉ ወንዶች ድምፃቸው የሚለወጥበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ልጁ ከፍ ያለውን ድምፅ ሊያወጣ ሲል ይሰነጠቅበታል። ክፍሉ ይስቃል። በሚቀጥለው ሳምንት ያ ልጅ ከመዝፈን መረበሽን ይመርጣል፤ ሲቀጡት ቢያንስ አይሳቅበትም። የዘፈኑን መነሻ ድምፅ ዝቅ አድርጉላቸው፤ ወይም አንድ ወፍራም ድምፅ ይዘው እንዲያጅቡ አድርጉ። ማንንም በግድ ብቻውን አታስዘፍኑ። ለማርክም ቢሆን አራት አራት ሆነው ይዝፈኑ። «ውጣና ዝፈን» ቅጣት የሆነበት ክፍል ውስጥ ዘፈን ሊወደድ አይችልም።

ሌላም አለ። በእምነታቸው ምክንያት ልጃቸው ዓለማዊ ዘፈን እንዲዘፍን ወይም እስክስታ እንዲመታ የማይፈልጉ ወላጆች አሉ። ልጁ ይህን ለመናገር ይፈራና እንቢተኛ ይመስላል። አስቀድማችሁ ወላጆችን አነጋግሩ። ምት መጠበቅ፣ ኖታ ማንበብ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ተፈጥሮ የሚዘፈኑ ዘፈኖችን ማጀብ ይችላል። ትምህርቱ አይጎድልበትም፣ ቤቱንም አይቃወምም።

በተለያየ ቋንቋ ስትዘፍኑ ደግሞ በአንዱ ቋንቋ ላይ የሚስቅ ልጅ ይኖራል። በሌላው ሁሉ ታጋሽ ነኝ፤ በዚህ ግን አልደራደርም። ዘፈኑን እዚያው አቆማለሁ። ከዚያ ቋንቋውን የሚናገረው ልጅ ፈቃዱ ከሆነ ቃሉን ለሁላችን ያስተምረናል።

8. ሲረብሹ

ከላይ ያለው ሁሉ ተደርጎም የሚረብሽ ይኖራል። ከትንሹ ጀምሩ። መጀመሪያ ዓይን። ቀጥሎ እየዘፈናችሁ ወይም እየመታችሁ ወደ ልጁ ተጠጉ፤ ትምህርቱን አታቋርጡ። ካልበቃ ጎንበስ ብላችሁ በጆሮው ሥራውን አስታውሱት፦ «ምት ጠባቂ ነህ፣ እየጠበቅንህ ነው።» ጥፋቱን መዘርዘር አያስፈልግም።

ካልሆነ መሣሪያውን ለሁለት ደቂቃ አሳርፉት። ልጁ ከቡድኑ አይወጣም፤ ሌላ ሥራ ይይዛል። ሁለት ደቂቃ ብላችሁ ከሆነ በሁለት ደቂቃ መልሱለት። ሳትመልሱ ከቀራችሁ ቃላችሁን አያምንም። ከዚያ በላይ የሆነው ከክፍል በኋላ ብቻውን የሚነገር ነው።

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ እኔ ስናገር የክራሯን መቃኛ ታዞራለች። አንዴ አይቼ አለፍኳት። ሁለተኛ ስትደግመው ክራሩን ተቀብዬ ጥግ አስቀመጥኩት። አልተከራከረችም፤ አንገቷን ደፋች። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ያንን ክራር አንስቼ ስመታው ሦስተኛው ክር ተንሸራቶ ወርዷል። ልጅቷ እየቃኘች ነበር። ማንም ያልሰማውን የሰማች እሷ ናት፤ የተቀጣችውም እሷ ናት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ክፍሉ እየሰማ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ወዲህ መሣሪያ ከመቀበሌ በፊት «ምን ሆነ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሁለት ቃል ነው፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ይገርመኛል።

የክፍል አለቃው የሚያወሩትን ስም እንዲጽፍ አታድርጉ። ልጆችን ያጣላል፤ አለቃውንም ትምህርቱን ያሳጣዋል። ክራር የመቁጠር ሥራ ስጡት። በአንድ ልጅ ጥፋት ክፍሉን በሙሉ አትቅጡ። ወደ ውጭ ማባረርም አያስተምርም። መምታትና ማንበርከክ ደግሞ ጭራሽ መነሳት የለበትም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ያደርጋል። ሕጉ ባይኖርስ? የሚፈራ ልጅ ትከሻው ይጠብቃል፣ ትንፋሹ ያጥራል። እንዲህ ሆኖ መዝፈን አይቻልም።

ወላጅ መጥራት ካስፈለገ የመጀመሪያው ስልክ የምስራች ይሁን። ከትምህርት ቤት ሲደወል ልጄ አጠፋ ብሎ የሚደነግጥ ወላጅ «ልጅዎ ዛሬ ምቱን ይዞ ክፍሉን መራ» ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት። በኋላ ለችግር ስትደውሉ አብሯችሁ ይቆማል።

መብራት ሲጠፋ የሚሆንም አዘጋጁ። በስፒከር ልታሰሙ ያሰባችሁት ዘፈን ከቀረ አምስት ደቂቃ የሚሞላ የጭብጨባ ጨዋታ ሁልጊዜ በኪሳችሁ ይኑር።

9. መሰብሰብ

ደወሉ ሲደወል መሰብሰብ ከጀመራችሁ ዘግይታችኋል። ስድስት ደቂቃ ሲቀር «ማረፊያ» በሉ። እንደታደለው በቁጥር፣ በቡድን መሪው በኩል ይመለሳል። አለቃው ጮክ ብሎ 12 እስኪሞላ ይቆጥራል። ዋሽንት ከነበረ አፍ የሚነካው ጫፍ አልኮል በተነከረ ጥጥ ይጠረግ። በአንድ ክፍለ ጊዜም አንድ ዋሽንት ሁለት ልጅ አይንፋው።

የቀረችውን ጊዜ በአንድ ለስላሳ ዘፈን ዝጉ። በረድፍ ተራ እየዘፈኑ ይወጣሉ። ድምፁ በኮሪደሩ እየራቀ ይሄዳል። የሒሳቡ መምህርም በዚህ አይከፉም።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ማስታወሻዬ ላይ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፦ ስንት ቁጥር ክራር ክር እንደላላ፣ እና ዛሬ የትኛው ልጅ ድምፁን እንዳላሰማ። ክሩን በማግስቱ ጠዋት አጠብቃለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት በሩ ላይ ስቆም መጀመሪያ በስሙ ሰላም የምለው ያንን ልጅ ነው።